ከዶት ኮም ወደ ዶት ኢቲ፦ የጅማ ቡና ሻጭ ተሞክሮ

«አንቺ ልጅ፣ ፓኬቱ ላይ ያለውን አድራሻ ከፈትኩት። ቁማር ነው እኮ የሚያሳየኝ! ምን ጉድ ነው?»

የደወሉልኝ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሱቃችን ከተከፈተ ጀምሮ ቡና የሚወስዱት ከእኛ ነው፤ አዲስ አበባ ላሉት ልጆቻቸውም ይልካሉ። «ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይቆዩኝ» አልኩና በስልኬ ከፈትኩት። እውነታቸውን ነው። እኔና እህቴ ቡና ቆልተን የምንሸጥበት ሱቅ ስም፣ በየፓኬቱ ላይ ያሳተምነው ስም፣ የቁማር ገጽ ሆኗል። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድረ ገጹን የሠራልን ልጅ ዶት ኮሙን፣ ማለትም በዶት ኮም የሚያልቀውን የሱቃችንን አድራሻ፣ በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ነበር ያስመዘገበው። ተንኮል አስቦ አይመስለኝም፤ ቶሎ እንዲያልቅልን ብሎ ነው። በኋላ ውጭ አገር ሄደ። «አድሱ» የሚለው ማሳሰቢያ እሱ በማይከፍተው ኢሜይል ሲገባ ከረመ። እኔ ደግሞ የኢንተርኔት አድራሻ እንደ ቤት ኪራይ በየጊዜው የሚታደስ መሆኑን አላውቅም ነበር። አንዴ የተገዛ የራሳችን መስሎኝ ነበር። ጊዜው ሲያልፍ አንድ የማናውቀው ሰው አነሣው።

መልሰን እንግዛው ብለን ብናስጠይቅ የተጠራብን ዋጋ በዶላር ነው። ይኼ የሆነው መስከረም 2017 ላይ ነው። ከሁለት ወር በፊት፣ ሐምሌ 2016፣ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ተብሎ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። እንኳን መልሶ መግዛት፣ ተራው የዓመት እድሳት ራሱ ለእኛ እጥፍ ሊሆን ነው። የዶላር ካርድ ያለው ሰው መለመኑም አለ። እህቴ «በቃ፣ በብር የሚከፈል የአገራችን የለም እንዴ?» አለች። ዶት ኮም ዶት ኢቲን የወሰድነው በዚች ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖናልና ያየሁትን ልጻፍ።

ዶት ኢቲ፣ ማለትም በአድራሻ መጨረሻ ላይ የሚገባው የኢትዮጵያ ምልክት፣ አዲስ ነገር አይደለም። ለኢትዮጵያ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። እዚሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ሳያስተውለው ይጠቀምበታል፤ የዩኒቨርሲቲው አድራሻ የሚያልቀው በኢዱ ዶት ኢቲ ነውና። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጎቭ ዶት ኢቲ ይላል፤ ለነጋዴ ደግሞ ኮም ዶት ኢቲ አለ። አሁን አሁን መሀል ላይ ምንም ሳይገባ በቀጥታ ዶት ኢቲ የሚሉም አሉ። ንግድ ባንክና የብሔራዊ መታወቂያው አድራሻ እንደዚያ ናቸው።

እኛን ያንገላታን የስማችን አጻጻፍ ነው። የሱቃችን ስም ውስጥ ጅማ የሚል አለ። ጅማን በላቲን ፊደል እንዴት ትጽፉታላችሁ? አንዱ ታፔላ ላይ በአንድ ኤም ነው፣ ሌላው ላይ በሁለት። በቁቤ ሲሆን ደግሞ መጨረሻው ላይ ሁለት ኤ አለ። የእኛ ንግድ ፈቃድ ላይ አንድ ዓይነት፣ ማኅተማችን ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። እሱን ለማስተካከል ብቻ ሦስት ሳምንት ሄደ። በመጨረሻ ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለውን ያዝን። ስም የምታወጡ ካላችሁ ከማኅተሙም፣ ከታፔላውም በፊት አንዷን አጻጻፍ ቁረጡ።

ያኔ ነው በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ አድራሻ የተመኘሁት። ጅማ በፊደላችን ሁለት ፊደል ናት፤ ማንም አይሳሳትም። ሌሎች አገሮች አድርገውታል። ግብፅና ሳዑዲ በዐረብኛ፣ ሩሲያ በራሷ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የአገር አድራሻ አላቸው።

የዶት ኮም ዶት ኢቲ ጥሩነቱ ምንድነው? አንደኛ፣ በብር ነው። ይኼ ለትንሽ ሱቅ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ በእኛ ስም፣ በእኛ ንግድ ፈቃድ፣ በእኛ ስልክ ነው የተመዘገበው። ሦስተኛው ያልጠበቅኩት ነው። የአዲስ አበባ ደንበኛ በራሳችን አድራሻ ኢሜይል ስንልክለት አነጋገሩ ይለወጣል። ድሮ በነጻው ኢሜይል ስንጽፍ «ሱቃችሁ የት ነው? እርግጠኛ ናችሁ ጅማ ናችሁ?» ይባል ነበር። አሁን ቀጥታ ስለ ቡናው ይጠይቃሉ፤ በጅማ ዙሪያ ካሉት ቡና አብቃይ ቦታዎች የሊሙ አለ ወይ፣ የጎማ አለ ወይ ይላሉ።

ችግሩስ? ረዝሟል። በስልክ ስናገረው ሰዉ «ዶት ኮም» ላይ ሲደርስ መስማት ያቆማል። ያቺን ብቻ ጽፎ ሲከፍት የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ፤ ያው ቁማሩ ጋ። ይኼ እስከ ዛሬ ያሳምመኛል። ያሉንን 1,400 ፓኬቶች መጣል አልቻልንም፤ ስለዚህ ስቲከር አሳተምን። መጨረሻ ላይ ያለችው ኢቲ ቀይ ሆና፣ ከሌላው ፊደል ተልቃ። ሁለት ማታ ከእህቴ ልጆች ጋር ቁጭ ብለን በአሮጌው አድራሻ ላይ አንድ በአንድ ለጠፍን። ቆልተን የጨረስነው ቡና ገና ትኩስ ስለነበር ቤቱ በሙሉ ይሸት ነበር። ትንሿ ልጅ ስቲከሩን ስታጣምመው አሮጌው ኮም ብቅ ይላል። ልጣ እንደገና ትለጥፋለች። እውነቱን ለመናገር ትእዛዝ በብዛት የሚመጣልን ዛሬም በቴሌግራም ነው። ግን ቴሌግራሙም ላይ የምንለጥፈው አድራሻ ይኼው ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ። የአገር አድራሻ ወደፊት ዋጋ ይኖረዋል ወይ? እኔ አለው ባይ ነኝ። አንጉይላ የምትባል በካሪቢያን ያለች ትንሽ ደሴት የደረሳት የአድራሻ ምልክት ኤአይ ነበር። በእንግሊዝኛ በአጭሩ ኤአይ የሚባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲመጣ ዓለም ሁሉ ያቺን ፈለገ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 32 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ አስገብታለች፤ ከመንግሥቷ ገቢ አምስት እጅ አንዱን ያልፋል። በፓስፊክ ያለችው ትንሿ አገር ቱቫሉም ቲቪ የምትለዋን አከራይታ ኖራበታለች። የእኛዋም ኢቲ ብትሆን ቀላል አይደለችም። ማርኬት፣ ቲኬት፣ ፕላኔት፣ ኢንተርኔት በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የሚያልቁት በእነዚሁ ሁለት ፊደሎች ነው። በሥርዓት ከተሸጠች ዶላር የምታመጣ ናት።

በሥርዓት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቶከላው 1,500 ሰው አካባቢ የሚኖርባት የፓስፊክ ደሴት ግዛት ናት። ዶት ቲኬዋ በነጻ ሲታደል በቁጥር የጀርመንን የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። ግን አጭበርባሪው ሁሉ ገባበትና ስሙ ጠፋ። የጀርመኑ ዶት ዲኢ ደግሞ ዛሬ ከ17 ሚሊዮን በላይ አድራሻ አለው፤ የያዘውም በአብዛኛው ጀርመን ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፤ ዳቦ ጋጋሪው፣ መካኒኩ፣ ሐኪሙ። እኔ ለዶት ኢቲ የምመኘው ይኼኛውን ነው። የማንም የፋሽን ፊደል ከምትሆን መርካቶ ያለው ማር ነጋዴ፣ የጅማን በርጩማ የሚጠርበው ባለሙያ በስሙ ይያዛት። ዋጋዋ ከዚያ ይመጣል።

ሌላም ነገር አለ። የሰው አገር ምልክት ስትይዙ የዚያን አገር ዕጣ ፈንታም ትይዛላችሁ። ዶት አይኦን የኮምፒውተር ሰዎች ይወዱታል። ምልክቱ በሕንድ ውቅያኖስ ያሉት፣ በእንግሊዝ ሥር ያሉ የቻጎስ ደሴቶች ነው፤ እንግሊዝ ደሴቶቹን ለሞሪሸስ ለመመለስ ተስማምታ እ.ኤ.አ. በ2025 ፈርማለች። ምልክቱ ወደፊት ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። ዩጎዝላቪያ ፈርሳ ምልክቷ ዶት ዋይዩ እ.ኤ.አ. በ2010 ተዘግቷል።

እና ለማን ይሆናል? ደንበኛው እዚሁ አገር ለሆነ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ክሊኒክ ያለ ማመንታት ውሰዱ እላለሁ። ወደ ውጭ ለሚልክ ግን ዶት ኮሙንም አብራችሁ ያዙ፤ ከቻላችሁ መጀመሪያ እሱን። እኛ ዶት ኮሙን በራሳችን ስም ይዘን ቢሆን ኖሮ ጋሼ ያን ስልክ ባልደወሉ ነበር። ማስመዝገቡን ለማንም ብታሠሩ ስሙ፣ ኢሜይሉ፣ ስልኩ የእናንተ መሆኑን ወረቀቱ ላይ በዓይናችሁ እዩ። የሚታደስበትን ቀን እኔ ሚዛኑ በላይ ባለው የግድግዳ ካላንደር ላይ በቀይ አክብቤዋለሁ።

ጋሼ ባለፈው ቅዳሜ መጥተው ሁለት ኪሎ ወሰዱ። ፓኬቱን አገላብጠው ስቲከሩን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። «ይኼ አይነሣም?» አሉኝ። አይነሣም አልኳቸው። ለቀጣዩ ዙር 3,000 ፓኬት አዘናል፤ በእሱ ላይ ስቲከር የለም፤ አድራሻው ራሱ ታትሟል።