የልብ ቀዳዳ፦ በሙቀት ይጣበቅ ወይስ በብረት ይከደን?

የልጄን የልብ ቀዳዳ ካስዘጋሁ ወዲህ ደሴ ሸዋበር ያለው ቤቴ ቡና በተፈላ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፤ «ልብ ውስጥ ብረት ትቶ ከመውጣት በሙቀት የሚያጣብቀው አይሻልም?» እኔ የምመርጠው ብረቱን፣ ቀዳዳውን የሚከድነውን ክዳን ነው።

ከገንዘቡ ልጀምር። ሁለቱም በብሽሽት ደም ሥር በቀጭን ቱቦ ነው የሚገቡት። ክፍሉ፣ ማደንዘዣው፣ ቱቦው ለሁለቱም ይከፈላል። በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት የሚዘጋው ፒኤፍኤክስ የተባለ መሣሪያ ተሞክሮ ነበር፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመው የመጀመሪያ ጥናት ከ30 ታካሚዎች በ6 ወር ሙሉ በሙሉ የተዘጋላቸው ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። ያልተዘጋለት ዳግመኛ ይገባል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሳፈሪያው፣ አልጋው፣ ምግቡ፣ ከሥራ የቀራችሁበት ቀን፣ ሁሉም እጥፍ ይሆናል።

ደግሞም ሙቀቱ የታሰበው ፒኤፍኦ ለሚባለው ክፍተት ነው። ከአራት ሰው በአንዱ ልብ ውስጥ ሁለት ሽፋኖች ተደራርበው ሳይጣበቁ ይቀራሉ፤ እነሱን ነው የሚያጣብቀው። እንደ ልጄ ሥጋው ራሱ ለጎደለ ቀዳዳ ግን ሙቀቱ የሚያጣብቀው ነገር አያገኝም።

የብረቱ ጉዳይ ደግሞ እኔን ያከሰረኝ ነው። ለሕፃናት በነፃ የሚሠራው ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ወረፋው ረጅም ነውና አንድ ሰው «ዕቃውን ይዘሽ ከመጣሽ ቶሎ ይሠራልሻል» አለኝ። ጅዳ ያለችው እህቴ «አብሽሪ» ብላ የስምንት ወር ደመወዟን አውጥታ 18 ሚሊ ሜትሩን ክዳን ላከች። ሐኪሞቹ ሲለኩ የሚያስፈልገው 24 ሆነ። ይባስ ብሎ የማብቂያ ቀኑ ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር፤ ልኩ ቢሆን እንኳ እንደማይነኩት ነገሩኝ። ሻጩም አልመለሰም። ያ ገንዘብ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ የእህቴ ላብ ነው።

ስለዚህ ዕቃ አስቀድማችሁ አትግዙ። ልኩ የሚታወቀው በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ከተለካ በኋላ ነው፤ የክዳኑ መጠን ከ4 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ግዙ ከተባላችሁ ደግሞ ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ መለያ ቁጥሩና ቀኑ ያልተነካካ መሆኑን ሐኪሙ ፊት አሳዩ።

ደረት ተከፍቶ የሚሠራው? ቀዳዳው ሰፊ ሆኖ ብረቱ የሚይዘው ጠርዝ ከሌለው ምርጫው እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አትከራከሩ። የደም ለጋሽና ረዘም ያለ የአልጋ ቀን ግን ያስፈልገዋል።

ብረቱ ከገባ በኋላ ለ6 ወር ያህል አስፕሪን ይታዘዛል፤ ወጪው ቀላል ነው። ልጃችሁን ርካሽ የጆሮ ጌጥ የሚያሳክካት ከሆነ ቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ክዳኑ የሚሠራው ከኒኬልና ከታይታኒየም ነው። የክትትሉን ኢኮ መሳፈሪያም ገና ከመሄዳችሁ በፊት ለይታችሁ አስቀምጡ፤ እኔ ሳላስቀምጥ ቀርቼ ከጎረቤት ተበድሬ ነው የሄድኩት።