ጥርስ ማንጣትና ማስሞላት በአንድ ቀጠሮ? ለዕረፍት ለምትገቡ

አገር ቤት ጥርስ ማሠራት ያዋጣል፤ ይህን ማንም አይክድም። ሜሪላንድ ውስጥ ያለ ኢንሹራንስ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። እኔን ያናደደኝ ዋጋው ሳይሆን አንዳንድ ክሊኒኮች ለዲያስፖራ ብለው ያዘጋጁት «ፓኬጅ» ነው፦ በአንድ ቀጠሮ ጥርስ ማንጣት፣ እግረ መንገዱንም የተሸረፈ የፊት ጥርስ መሙላት። ቦሌ አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ያሠራሁት ይህንኑ ነበር። የተሞላው ሳምንት ሳይሞላው ወለቀ።

ሁለቱ ሥራዎች አብረው አይሄዱም። ጥርስ የሚያነጣው ጄል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ካርባማይድ የተባለውም አፍ ውስጥ ወደዚያው ይቀየራል። ጄሉ ቢታጠብም ኦክስጅኑ ለጊዜው ጥርሱ ውስጥ ይቀራል። ሙሌቱን ከጥርስ ጋር የሚያጣብቀው ቦንዲንግ ደግሞ በሰማያዊው መብራት የሚጠነክረው ሞለኪውሎቹ እየተያያዙ ሰንሰለት ሲሠሩ ነው። ኦክስጅን ይህን ሰንሰለት ገና ከጅምሩ ያቋርጠዋል። ላዩ ደርቆ ያምራል፤ ጥርሱን የነካው ስስ ንብርብር ግን በደንብ ሳይጠነክር ይቀራል። መድኃኒቱ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት። የቀለሙም ነገር አለ፦ የነጣ ጥርስ በቀጣዮቹ ቀናት መልኩ ትንሽ ይመለሳል፣ በዚያኑ ቀን ተመሳክሮ የተሞላው ግን እንደነጣ ይቀራል። የዕረፍት ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ ማንጣቱን ተዉትና መሙላቱን ብቻ አሠሩ።

የወለቀችውን ቁራጭ ገልብጦ ማየት ብዙ ይናገራል። ግማሹ ጥርሱ ላይ ቀርቶ ግማሹ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ማጣበቂያው ይዟል፣ የተሸነፈው ሙሌቱ ነው ይባላል። ይቺ ግን ሙሉዋን ነው የወጣችው፤ ታች ፊቷ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ቦንዲንጉ ጥርሱን ጨርሶ አልያዘም ማለት ነው።

ምክንያቱ ደግሞ ፐርኦክሳይዱ ብቻ አይመስለኝም። አሲዱ ተቀብቶ ከታጠበ በኋላ «ተጉመጥመጡና ትፉ» ተባልኩ። አሲዱ ኢናሜሉን፣ ማለትም የጥርሱን ጠንካራ የላይ ሽፋን፣ የሚበላው በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ከፍቶ ቦንዲንጉ እንዲሰርግባቸው ነው። አፍ ሲዘጋ ምራቅ ገብቶ ቀዳዳዎቹን በፕሮቲን ይደፍናቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በአየር ቢያደርቁት ዋጋ የለውም፣ አሲዱን ለጥቂት ሰከንድ ደግሞ መቀባት ያስፈልጋል። የቦንዲንጉም ጠብታ ገና ከመጀመሪያው ሳህኑ ላይ ተንጠባጥቦ ነበር የሚጠብቀው። ውስጡ ያለው አልኮል ወይም አሴቶን ሲተን ፈሳሹ ይወፍራል፣ ቀዳዳው ውስጥ መግባትም ያቅተዋል። ጠብታው የሚወጣው ሊቀባ ሲል፣ ጠርሙሱም ወዲያው የሚከደነው ለዚህ ነው።

ስመለስ የተሰጠኝ መልስ «ቆሎ በልተዋል» የሚል ነው። አገር ቤት ገብቶ ቆሎ የማይበላ ማን አለ? በደንብ የተጣበቀ ሙሌት ሲሸረፍ ጠርዙ ይሸረፋል እንጂ ተነቅሎ አይወጣም። እንደገና ለመሥራት እንደገና ክፍያ ጠየቁ፤ በዶላር ነው የተሰላው። ከሁሉ የገረመኝ ደረሰኙ ነው፦ «ሙሌት» ለብቻ፣ «ቦንዲንግ» ለብቻ። አንዱ ያለሌላው የማይሠራን ነገር ለሁለት ከፍሎ ማስከፈል፣ ያውም ቦንዲንጉ አንዲት ጠብታ ሆኖ! ውጭ አገር እንዲህ ያለ ነገር ክስ ላይ ሊያደርስ ይችላል። ከመቀመጣችሁ በፊት ዋጋው በብር፣ አሲዱን፣ ቦንዲንጉንና ማለስለሱን ጨምሮ በጽሑፍ ይሰጠን በሉ።

ሁለተኛው ክሊኒክ አነስ ያለ ነው፤ ተረኛ መጠበቂያው በርጩማ ነው፣ ቴሌቪዥንም የለው። ዶክተሯ ግን መቼ እንደነጣ ጠይቀው «አሁን አልነካውም» ብለው መለሱኝ፣ ቀጠሮም ሰጡኝ። ገንዘብ ይዞ የመጣን ሰው መመለስ ቀላል አይደለም። ቀኑ ሲደርስ የላስቲክ መሸፈኛውን ጥርሱ ላይ ወጠሩ፤ ያን ጊዜ ምራቅም ትንፋሽም አይደርስም። የአየር ቧንቧውን መጀመሪያ መስታወት ላይ ነፉት፤ ከኮምፕረሰሩ ውሃ ወይም ዘይት የሚመጣ ከሆነ እዚያ ላይ ይታያል፣ ዘይት የነካው ጥርስ ደግሞ አይያዝም። የተሸረፈውን ጠርዝ በትንሹ ሰያፍ አድርገው ሞረዱት፣ 37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰከንድ ቀቡት፣ ያንኑ ያህል አጠቡት። ሲደርቅ ኢናሜሉ ነጣ ብሎ ደብዘዝ ማለት አለበት፤ ካላለ አሲዱ አልሠራም። ከኢናሜሉ ሥር ያለው ዴንቲን ከታየ አሲዱ እዚያ ላይ ከ15 ሰከንድ አያልፍም፣ ዴንቲኑም ጨርሶ አይደርቅም፤ ከደረቀ በውስጡ ያሉት ቃጫዎች ተጋድመው ቦንዲንጉን አያስገቡም። ቦንዲንጉን ለ20 ሰከንድ እያሹ ቀቡት፣ ፈሳሹ መንቀሳቀሱን እስኪያቆም በቀስታ አየር ነፉበት፣ መብራት አበሩበት። ኮምፖዚቱን፣ ማለትም የጥርስ ቀለም ያለውን መሙያ፣ ደግሞ ከ2 ሚሊሜትር ባልበለጠ ውፍረት እየደራረቡ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ በመብራት እያጠነከሩ ሞሉት። እኔ የማውቀው የአሜሪካ ሐኪም ከዚህ የተለየ አይሠራም። «አይዞህ» ግን አይልም!

ዘዴው እንግዳ አይደለም፤ አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ማይክል ቦኖኮር ኢናሜልን በአሲድ አሻክሮ ማጣበቅን ያሳተመው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው።

ስምጥ ሸለቆ ላደጋችሁ፣ ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይ አካባቢ ማለቴ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። በፍሎራይድ የበለዘ ጥርስ ላዩ አሲድ ይቋቋማል፤ በተለመደው ሰከንድ ላይያዝ ይችላል። ላዩ በስሱ መሞረድ ወይም አሲዱ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት አለበት። ያደጋችሁበትን ቦታ ሐኪሙ ባይጠይቅም ራሳችሁ ተናገሩ።

ስትወጡም የኮምፖዚቱን ስምና የቀለሙን ቁጥር፣ ኤ 2 ይሁን ቢ 1፣ ወረቀት ላይ አስጽፉ። ውጭ ስትመለሱ ጠርዙ ቢሸረፍ ሐኪሙ ከዚያው ቀለም ይጨምርበታል፤ ያለበለዚያ ሁሉንም ፍቆ ከባዶ ሊጀምር ይችላል፣ ሒሳቡም በዚያው ልክ ነው።