ሮማ ቪኤፍ የቲማቲም ዘር፦ ለአዲስ አበባ ግቢ ይሆናል?

ሮማ ቪኤፍ የዘር ሱቅ የገባ ሰው በቀላሉ ከሚያገኛቸው የቲማቲም ዝርያዎች አንዱ ነው። ፍሬው ሞላላ፣ ሥጋው ወፍራም ነው። ውሃና ዘር ስለማይበዛበት ድስት ውስጥ ቶሎ ይወፍራል፤ ለስልስና ለወጥ የሚመርጡት ለዚህ ነው። ለሰላጣ ግን እምብዛም አይመከርም፤ ለዚያ ማርግሎብ የተባለው ዝርያ ይሻላል።

ለአዲስ አበባ ግቢ ትልቁ ጥቅሙ ግን ጣዕሙ ሳይሆን አበቃቀሉ ነው። አንድ ሜትር ገደማ ሲደርስ ማደጉን ያቆምና ፍሬውን በአንድ ወር ውስጥ አካባቢ አከታትሎ ይሰጣል። በዚህ ከፍታ ቲማቲም የሚመቸው ጊዜ ጠባብ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ቅጠሉን የሚያጠቁረውን በሽታ (ሌት ብላይት) ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ዘሩን ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሞቅ ባለ ቦታ አፍልቶ፣ ችግኙን ከስድስት ሳምንት በኋላ የካቲት መግቢያ ላይ ማዛወር ነው። የመጀመሪያው ፍሬ ሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ ይቀላል፤ ዋናው ዝናብ ሳይጥል ለቀማው ይጠናቀቃል። በሰኔ የሚተክል ሰው ግን ዘሩን ባይወቅስ ይሻላል።

ጣሳው ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ቪ እና ኤፍ ማለት ዝርያው ቨርቲሲሊየምንና አንደኛውን የፉዛሪየም ዓይነት ይቋቋማል ማለት ነው፤ ሁለቱም ከአፈር ገብተው ተክሉን የሚያጠወልጉ ፈንገሶች ናቸው። ሌት ብላይትን፣ በነጭ ዝንብ የሚተላለፍ ቫይረስን፣ ቱታ አብሶሉታ የተባለችውን ቅጠል ቦርቧሪ ተባይና ባክቴሪያ አመጣሹን አጠውልግ አይመለከትም። «በሽታ አይነካውም» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ካጋጠመ ፊደላቱ ይህን አይሉም። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት የጠወለገ ተክል ካለ ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጦ ንጹሕ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን መንከር ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነጭ ወተት መሰል ክር ከወረደ ባክቴሪያ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ ማስወገድ፣ ያንን መደብ ለቲማቲም፣ ለድንች፣ ለቃሪያና ለበርበሬ አለመጠቀም፣ ከዚያም አዲስ አፈር የተሞላ ጀሪካን ላይ መትከል ይቀራል።

የዝርያው እውነተኛ ድክመት ሌላ ነው፤ የፍሬው ቂጥ ጠቁሮ መድረቅ። እንደ ሮማ ያሉ ሞላላ ቲማቲሞች ከክቦቹ ይልቅ በዚህ ይጠቃሉ። ተባይ ስላልሆነ የሚረጨው መድኃኒት ሁሉ ብክነት ነው። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው በውሃ ስለሆነ፣ አፈሩ አንድ ሰሞን ደርቆ አንድ ሰሞን ሲጥለቀለቅ የፍሬው ጫፍ ይራባል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ችግሩ የሚበዛው ለዚህ ነው፤ በመጣ ቀን አብዝቶ ማጠጣት ያጣበትን ቀን አያካክስም። በበርሜል አጠራቅሞ በ20 ሊትር ጀሪካን ለተተከለ አንድ ተክል በደረቅ ወቅት በየጠዋቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር መስጠት፣ አፈሩንም አራት ጣት ውፍረት ባለው ጭድ መሸፈን ይረዳል። ዩሪያ ማብዛት ያባብሰዋል። የእንቁላል ቅርፊት ቀስ ብሎ ስለሚበሰብስ የዘንድሮውን ፍሬ አያድንም።

ጀሪካኑ ከታች አምስት ስድስት ቀዳዳ ይኑረው። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የተብላላ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ይበቃዋል፤ ዋልካ ብቻውን ውሃ ይዞ ሥሩን ያፍናል። መሬት ላይ ከሆነ በተክልና በተክል መካከል 50 ሳንቲ ሜትር ይተው። ቀንበጡን ሁሉ እየለቀሙ ማስወገድ ለማኒሜከር ዓይነቱ ረጅም ቲማቲም ይሠራል፤ ሮማ ላይ ግን ምርቱን ራሱን ቆርጦ መጣል ነው። ከመጀመሪያው የአበባ ዘለላ በታች ያለውንና አፈር የሚነካውን ቅጠል ብቻ ማንሳት በቂ ነው። አጭር ነው ተብሎ ያለ ችካል መተውም ያስከፍላል፤ ፍሬው ሲከብድ ተኝቶ መሬት ላይ ይበሰብሳል።

ግዢው ላይ ቆጠብ ማለት ይገባል። አንድ ግራም ውስጥ 300 ገደማ ዘር ስላለ 50 ግራም ጣሳ ለግቢ ፋይዳ የለውም። ችግሩ፣ በትንሹ እየቆነጠሩ በወረቀት የሚሸጡት ዘር መቼ እንደተከፈተ አይታወቅም። ስለዚህ ከመዝራት በፊት 20 ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ አድርጎ ሞቃት ቦታ ላይ ማቆየት ነው። በአሥር ቀን 15 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ደኅና ነው፤ ከአሥር ካነሰ ሱቅ መቀየር። ቀለም የተቀባ ዘር በመድኃኒት የታሸ ስለሆነ ከልጆችና ከዶሮ ይራቅ።

ሻንቲን የመሰሉ ዲቃላዎች በምርት ይበልጡታል፤ ሆኖም ከፍሬያቸው የተወሰደ ዘር እናቱን አይመስልም። ከሮማ ግን ዘር ማስቀረት ይቻላል። ከጤነኛ ተክል በደንብ የቀላ ፍሬ መርጦ፣ ዘሩን ከነጭማቂው ሁለት ሦስት ቀን ብርጭቆ ውስጥ ማብላላት፣ አጥቦ ጥላ ላይ ማድረቅ፣ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ማስቀመጥ። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ሦስት አራት ዓመት ይበቅላል።