ፍሪቢኤስዲን ከሶርስ ኮድ ለሚገነቡ፦ ክላንግ ወይስ ጂሲሲ?

ፍሪቢኤስዲ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከሶርስ ኮዱ ኮምፓይል አድርጎ የሚጭን ሰው ሦስት የኮምፓይለር (ሶርስ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) ምርጫዎች አሉት፦ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ የሚመጣው ክላንግ፣ ከፓኬጅ የሚጫን አዲስ የኤልኤልቪኤም (ክላንግ የሚገኝበት የኮምፓይለር ስብስብ) እትም፣ እንዲሁም ከፓኬጅ የሚገኘው ጂሲሲ። ሦስቱም ያለ ክፍያ ስለሚገኙ የሚመዘኑት በሚወስዱት ጊዜና በሚያስከትሉት የጥገና ሥራ ነው።

ክላንግ መደበኛ ኮምፓይለር የሆነው በዋነኛነት በፈቃድ ጉዳይ ነው። ጂሲሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ጂፒኤል የተባለው የሶፍትዌር ፈቃድ ሦስተኛ እትም ሲሸጋገር የፍሪቢኤስዲ ፕሮጀክት አዲሱን ፈቃድ በዋናው ሥርዓት ውስጥ ማስገባት ስላልፈለገ በጂሲሲ 4.2.1 ላይ ለዓመታት ቆየ፤ በ2012 መጨረሻ ክላንግን በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ መደበኛ አደረገ፤ ለውጡም በጥር 2014 በወጣው ፍሪቢኤስዲ 10.0 ለተጠቃሚው ደረሰ። አሮጌው ጂሲሲ ከሶርስ ኮዱ የወጣው በ2020 ነው።

አብሮ የሚመጣው ክላንግ ትልቁ ጥቅሙ ገንቢዎቹ ራሳቸው በየዕለቱ የሚፈትሹት መሆኑ ነው። ጉዳቱ ጊዜ ነው፤ ሙሉው ሥርዓት ሲገነባ ብዙውን ሰዓት የሚበላው ኤልኤልቪኤምን ራሱን ኮምፓይል ማድረግ ነውና። የተጫነው ክላንግ ከሶርሱ እትም ጋር ሲመሳሰል የመጀመሪያው ዙር፣ ማለትም ሌላውን ለመገንባት የሚያገለግለውን ኮምፓይለር መገንባቱ፣ ይዘለላል፤ በፓኬጅ ኮምፓይለር ሲገነባም እንዲሁ። ይሁን እንጂ በተጠናቀቀው ሥርዓት ውስጥ የሚገባው ክላንግ አሁንም ይገነባል፤ ይህንንም ለማስቀረት «ዊዝአውት ክላንግ» የሚለውን አማራጭ መጠቀም ያስፈልጋል። በደካማ ማሽን ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ አማራጭ ኮምፓይለር ከመቀየር ይበልጥ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

የፓኬጁ ኤልኤልቪኤም አዲስ የማመቻቸት ዘዴዎችን መሞከር ለሚፈልግ ይስማማል፤ ከዚያ በላይ ብዙ የሚባልለት የለም።

ጂሲሲ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ተራውን የጂሲሲ ፓኬጅ ሳይሆን በማሽኑ ዓይነት የተሰየመውን፣ ለምሳሌ «ኤኤምዲ64-ጂሲሲ14»ን መጫንና ስሙን «ክሮስ ቱልቼይን» ለተባለው ተለዋዋጭ መስጠት ያስፈልጋል፤ ይህ ፓኬጅ ቢንዩቲልስ የተባሉትን መሣሪያዎች ስለሚያስከትል ኮምፓይለሩ ብቻ ሳይሆን ኮምፓይል የተደረጉትን ክፍሎች የሚያገናኘው ሊንከርም ይቀየራል። ክላንግ በዝምታ ያለፈው መስመር በጂሲሲ ማስጠንቀቂያ ሊያስነሳ ይችላል፤ ማስጠንቀቂያ እንደ ስሕተት በሚቆጠርበት ቦታም ግንባታው ይቆማል። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሁለተኛ ኮምፓይለር የመጀመሪያው ያላየውን ያያልና። ሰርቨሩን ማሻሻል ብቻ ለሚፈልግ ግን ትርፉ ድካም ነው፤ ለእርሱ አብሮ የመጣውን ክላንግ እመክራለሁ።

የኮምፓይለሩን ስም «ሜክ ዶት ኮንፍ» ውስጥ አይጻፉ፤ ያ ፋይል ፖርትስንም (ተጨማሪ ፕሮግራሞች ከሶርስ የሚገነቡበትን ስብስብ) ስለሚነካ በኋላ የሚገነቡት ፕሮግራሞች ሳያስቡት አብረው ሊቀየሩ ይችላሉ። በኮምፓይለር መካከል ሲሸጋገሩ የቀድሞውን የግንባታ ውጤት ከ«ዩኤስአር ኦብጅ» ማውጫ ያጽዱ፤ ዜድኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሥርዓት የሚጠቀሙ ከሆነም አዲሱን ሥርዓት ከመጫንዎ በፊት በ«ቢኢሲቲኤል» ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ሊነሳበት የሚችል የሥርዓቱን ቅጂ ይፍጠሩ፤ አዲሱ ከርነል ባይነሳ በቀድሞው ሥርዓት መግባት ይችላሉ።