ምርጥ ምድጃን ለምትገዙ፦ ስለ ማገዶውም ስለ ፎርሙም

እንጀራ ጋግራችሁ የምትሸጡ ከሆነና በማገዶ የምትሠሩ ከሆነ «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ግዙ። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ለምግብ ቤቶችና ለሰፈር ሰው እንጀራ እያስረከብኩ ነው የምተዳደረው። ለብዙ ዓመት በሦስት ጉልቻ ጋግሬያለሁ፤ ሁለቱንም ስለማውቃቸው ነው ይህን የምጽፈው።

ለማታውቁት፣ ምርጥ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ አገራችን የተሠራ የሲሚንቶና የአሸዋ ምድጃ ነው። ተገጣጣሚ ነው፦ አራቱ ቁራጭ ምጣዱን ዙሪያውን ይይዛሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ጭሱ በሚወጣበት በኩል ይቆሙና ድስት ይጣድባቸዋል። እንጀራው እየተጋገረ ሽሮው ከኋላ ይንተከተካል። ለዚያ ድስት ለብቻው ከሰል አልገዛም፤ ይህ ብቻውን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስት ጉልቻ ላይ እሳቱ በየጎኑ ይወጣል። ነፋስ ያለ ቀን እንጀራው በአንድ ጎኑ ዓይን ያወጣል፣ በሌላው ድፍን ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ ምግብ ቤት አይቀበልም። ምርጥ ላይ እሳቱ ከምጣዱ ሥር ስለሚቆይ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይበስላል። መጀመሪያ ላይ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ሲሚንቶው ራሱ እስኪሞቅ ድረስ ሙቀት ስለሚጠጣ የፊተኞቹ እንጀራዎች ይዘገያሉ። አንዴ ከጋለ በኋላ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ የመጨረሻዎቹን እንጨት ሳልጨምር በፍሙ ብቻ ጋግሬ አወጣለሁ። ስለዚህ ጥቂት እንጀራ ብቻ ለሚጋግር ቤት ጥቅሙ ያን ያህል አይታይም። ሊጥ በትልቅ ባልዲ ለሚያቦካ ሰው ነው የሚበጀው።

ማገዶውን በተመለከተ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል ይባላል። በእኔ ቤት ግማሽ አልሞላም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲገባ ደግሞ ቁጠባው ወዲያው ይወርዳል። ቀጠን ያለ ደረቅ ፍልጥ በትንሽ በትንሹ ስታስገቡለት ግን ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ጭሱም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ማድቤታችሁ መስኮት ከሌለው ይህ ምድጃ ብቻውን አያድናችሁም።

ስትገዙ አጠንካክራችሁ ፈትሹ። መጀመሪያ የገዛሁት ገና ብዙ ሳልጋግርበት አፉ ላይ ተሰነጠቀ። የሠራው ሰው ሲሚንቶውን በደንብ ውሃ ሳያጠጣ አውጥቶ ሸጦት ነበር። ጠርዙን በጥፍራችሁ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፤ አሸዋው ከረገፈ ተዉት። ቁራጮቹንም ሳትከፍሉ እዚያው ገጥሙና በመሃላቸው ብርሃን ያልፍ እንደሆነ እዩ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ አይሻልም ወይ የሚሉኝ አሉ። መብራት ቢኖር አዎ፣ ይሻላል። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ስለሆነ ጭስም የለውም፣ ዛፍም አይቆረጥለትም። ግን ምጣዱ ሦስት ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፣ እኛ ሰፈር ደግሞ ሁሉም በሚጋግርበት ሰዓት ኃይሉ ይደክማል። የቦካ ሊጥ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም። ስለዚህ ሁለቱንም ይዣለሁ።

አሁን የምጋግርበት ምድጃ በቅናሽ የተሸጠልኝ ነው። ስረከብ ፎርም አስፈረሙኝ። ከምድጃው የሚገኘው የካርቦን ቅነሳ መብት ምድጃውን በቅናሽ ለሚሸጠው ፕሮጀክት ይተላለፋል ይላል። በወቅቱ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም፣ ኋላ እየጠየቅሁ ነው የገባኝ። እኔ ሳልማግደው ከቀረው እንጨት ሊወጣ የነበረው ካርቦን በቶን ይሰላል፣ ክሬዲት ሆኖ ይሸጣል፣ ውጭ አገር ያለ ገዢ ደግሞ ከራሱ ጭስ ላይ ያቀናንሰዋል። ቅናሹ የመጣው ከዚያ ገንዘብ ነው። በዚህ ቅር አልተሰኘሁም፤ ያለ ቅናሹ አልገዛውም ነበር።

ቅር ያሰኘኝ ቁጠባው የሚቆጠርበት መንገድ ነው። ሊጠይቅ የመጣው ልጅ «በየቀኑ ትጠቀሚበታለሽ?» አለኝ፣ አዎ አልኩት፣ ጻፈና ሄደ። ጉልቻው ከጓሮ ቆሞ እያየው ስለሱ አልጠየቀኝም። ድግስ ሲኖር ትልቁ ድስት የሚጣደው እዚያ ላይ ነው፤ አሻሮ የሚቆላውም እዚያው ነው። በማውቃቸው ቤቶች ሁሉ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ በተባለ የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የመረመራቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች ከሚገባው ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ክሬዲት እንደተሰጣቸው አሳይቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነው፤ አሮጌው ምድጃ አብሮ መንደዱ በትክክል አይቆጠርም። ቁጥሩ ሲጋነን ክሬዲቱን የገዛው ፋብሪካ ያልቀነሰውን ጭስ ቀነስኩ ይላል፣ ዝናቡ የሚዛባው ግን እኛም ጋ ነው። ዝናብ የቀረበት ዓመት የጤፍ ዋጋ ምን እንደሚሆን ጋጋሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ምድጃ ትንሽ ነገር አይደለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ከኃይል ማመንጫው፣ ከደኑና ከከብት እርባታው ጋር ቅድሚያ ከሰጣቸው አንዱ የገጠር ምድጃ ነበር። በ2021 ደግሞ ኢትዮጵያ በ2030 ይደርሳል ተብሎ ከተገመተው የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት 68.8 በመቶውን እቀንሳለሁ ብላ አስመዝግባለች፤ 14 በመቶውን በራሷ አቅም፣ 54.8 በመቶውን የውጭ ድጋፍ ከተገኘ። ሀብታሞቹ አገሮች ለድሃ አገሮች የአየር ንብረት ድጋፍ በ2020 ይሞላል ያሉት በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ግን የሞላው በ2022 ነው። ታዲያ የእኔ ምድጃ ቁጠባ በመንግሥት ፈቃድ ለሌላ አገር ቅነሳ እንዲቆጠር ከተሸጠ ኢትዮጵያም ቀነስኩ ብላ ያንኑ ልትቆጥረው አትችልም። ይህን የፈረምን ሴቶች ልንሰማው ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2027 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ (ኮፕ 32) አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ እንዲህ ያለው ጉዳይ በጋጋሪዎች አፍ ቢነገር ደስ ይለኛል።

በቅናሽ የምትገዙ ከሆነ ፎርሙን ሳትፈርሙ አስነብቡ፣ ኮፒውን ውሰዱ፣ ቢሰበር ቁራጩን ማን እንደሚቀይርላችሁ በጽሑፍ ይሁንላችሁ። ሊቆጥር የመጣ ሰው ካለ ደግሞ ወደ ጓሮ ውሰዱትና ጉልቻውንም አሳዩት።