በአር ዓምድን በሁኔታ መለየት፦ ኢፍኤልስ ይሻላል ወይስ ተፎካካሪዎቹ?

በስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋው አር (R) ተራው የሁኔታ ትእዛዝ ኢፍ (if) የሚቀበለው አንድ እውነት ወይም አንድ ሐሰት ብቻ ነው፤ ከአር 4.2.0 ወዲህ ሙሉ ዓምድ ከሰጡት ኤረር አውጥቶ ይቆማል። ሉፕ (ድግግሞሽ) ውስጥ ከትቶ ረድፍ በረድፍ ማስኬድ ይቻላል፣ ግን ሚሊዮን ረድፍ ላይ አይመከርም። ስለዚህ ውድድሩ ዓምዱን በአንዴ በሚሠሩት መካከል ነው።

ኢፍኤልስ (ifelse) ከአር ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሁሉም እጅ ላይ አለ። ከቁጥርና ከጽሑፍ ውጭ ግን አይታመንም። የቀን ዓምድ ሲሰጡት የቀንነቱን መለያ ጥሎ ከ1970 ወዲህ የተቆጠሩ ቀናትን ይመልሳል፦ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ገብቶ 19723 ሆኖ ይወጣል። ፋክተርም (የምድብ ዓምድ) የደረጃ ቁጥር ብቻ ሆኖ ይመለሳል። ከሁሉ የከፋው ዝምታው ነው፤ ርዝመት ሳይገጥም ሲቀር አጭሩን እየደጋገመ ይሞላል እንጂ አንድ ቃል አይተነፍስም።

ዲፕላየር (dplyr) የተባለው ተጨማሪ ጥቅል ያለው ኢፍ_ኤልስ (if_else) ይህን አይፈቅድም፦ ቁጥርና ጽሑፍ ቢቀላቀል ወይም ርዝመት ቢዛባ እዚያው ኤረር ይሰጣል። የሌላው ጥቅል የዳታ.ቴብል (data.table) ኤፍኢፍኤልስም (fifelse) ቀኑን እንደ ቀን ይጠብቃል፤ በሲ (C) ቋንቋ ስለተጻፈ ደግሞ ፈጣን ነው። ለትልቅ ዳታ የእኛ ምርጫ እሱ ነው።

ሁኔታው ከሁለት በላይ ሲሆን ኢፍኤልስን በኢፍኤልስ ውስጥ መደራረብ ቅንፍ ከመቁጠር በቀር ትርፍ የለውም። የዲፕላየሩ ኬዝ_ዌን (case_when) ለዓይን ግልጽ ነው፤ ቀድሞ የተጻፈው ሁኔታ ያሸንፋል። ሆኖም የቀኝ እጅ ስሌቶችን በሙሉ በየረድፉ ያሰላል። የዳታ.ቴብሉ ኤፍኬዝ (fcase) በአንጻሩ ሁሉም ረድፍ ምላሽ ካገኘ የቀሩትን ሁኔታዎች አይነካም። ሁለቱም ጋ አንድ ወጥመድ አለ፦ ባዶ እሴት (ኤንኤ) እንደ ሐሰት ስለሚቆጠር ወደ ነባሪው ምላሽ (የትኛውም ሁኔታ ሳይሟላ ሲቀር ወደሚሰጠው) ይወድቃል። ነባሪው «ከፍተኛ ደመወዝ» ከሆነ ደመወዙ ያልተሞላለት ሰው ባለጸጋ ሆኖ ሪፖርት ላይ ይወጣል። የባዶ እሴቱን መፈተሻ የመጀመሪያው መስመር ያድርጉት።

ሁኔታው የቁጥር እርከን ከሆነ ግን አምስቱንም ይተዉ። በአዋጅ 979/2008 የነበረውን የደመወዝ ግብር እንይ። መነሻዎቹን 0፣ 600፣ 1650፣ 3200፣ 5250፣ 7800፣ 10900 በአንድ ቬክተር (የእሴቶች ዝርዝር)፣ ምጣኔዎቹንና ተቀናሾቹን በሌሎች ሁለት ያስቀምጡና ከአር ጋር የሚመጣው ፋይንድኢንተርቫል (findInterval) እርከኑን ይፈልግ። 5000 ብር አራተኛው ላይ ያርፋል፦ 5000 ሲባዛ በ0.20፣ ሲቀነስ 302.50፣ 697.50 ብር። 1650 ላይ በየትኛውም ወገን ቢያርፍ ግብሩ 105 ብር ስለሆነ የድንበሩ ጉዳይ አያሳስብም። የሚያሳስበው አሉታዊ ቁጥር ነው፤ እርከኑ 0 ይሆናል፣ በ0 የተጠራ ቦታ ደግሞ ከቬክተሩ ይጠፋል፣ ከዚያ ረድፍ በታች ያለው ሠራተኛ ሁሉ የጎረቤቱን ምጣኔ ይከፍላል። ከዜሮ በታች ያሉትን አስቀድመው ያጣሩ።