ለደብረ ብርሃን ውርጭ፦ ቫዝሊን ወይስ ግሊሰሪን?

በኅዳርና ታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ እጅ ይሰነጥቃል። ሱቅ ስትገቡ የትኛውን ትገዛላችሁ?

ቫዝሊን፦ ውሃ አይጨምርም፤ ያለውን እርጥበት እንዳይወጣ ይይዛል። ስለዚህ ታጥባችሁ እጃችሁ ጨርሶ ሳይደርቅ ተቀቡት። ትንሽ ስለሚበቃ ይበረክታል። ችግሩ መሙለጭለጩ ነው፤ ሊጥ ለሚያቦካ፣ ብር ለሚቆጥር አይመችም። ማታ ተቀብታችሁ ንጹሕ የጥጥ ካልሲ እጃችሁ ላይ አጥልቁ። ቤተሰብ ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ።

ግሊሰሪን፦ እርጥበት ይስባል። አየሩ ሲደርቅ ግን ከራሱ ከቆዳው ሊስብ ይችላል፤ በውሃ አቅጥኑት። ቁስል ላይ ያቃጥላል።

እጁ ለተሰነጠቀ፣ በብርድ ጊዜ ልብስ ለሚያጥብ፦ ቫዝሊን።
ገና ለሻከረው፣ ቢሮ ለሚውለው፦ ግሊሰሪን።
ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ሁለቱንም ትታችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።